ሶሎው የማነው

ሙዘይን ሳክስፎኑን አንግቶ መድረክ ላይ ከወጣ ለሰው ቦታ አይለቅም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ቅዳሜና እሑድ ማታ ደሴ ወጥቶ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል፤ በሥራ ቀን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሙዚቃ ያስተምራል፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ጎረቤት እንዳይረብሽ ሐይቁ ዳር ይወርድና የራሱን ዜማ ሲፈጥር ያረፍዳል። ሦስቱን በአንድ ጉሮሮ እንዴት እንደሚያዳርሳቸው ሚስቱ ኑርሀያት እንኳ ግራ ይገባታል። እያዛጋ ያስተምራል፣ እያንቀላፋ ይጽፋል። ሶሎ ላይ ሲደርስ ግን ደክሞት አያውቅም።

ሶሎ ማለት ጃዝ ውስጥ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያጅቡ አንዱ ብቻውን ወጥቶ የሚጫወትበት ተራ ነው። የተጻፈ ነገር የለም። ተጫዋቹ በዚያች ደቂቃ ሆዱ ውስጥ ያለውን ያወጣል። ሙዘይን ይህን ተራ እንኳን ለተማሪ፣ ከደሴ ለመጡ አንጋፎችም ሰጥቶ አያውቅም። ቆንጆ አድርጎ ስለሚጫወት ማንም አፍ አውጥቶ አይከራከረውም፤ ተማሪዎቹ ግን ከኋላው ይቀልዱበታል።

በፊቱ የቀለደበት አስረስ ብቻ ነው። አስረስ የጸዳለ ልጅ ነው። ሙዘይን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳክስፎን ያስተማረው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቁልፎቹ ላይ ያስቀመጠለት፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጆሮው የበለጠ ልጅ ነው። ዓመታት ሙሉ ከሙዘይን ጎን ቆሞ የታችኛውን መስመር ብቻ ነፋ። የታችኛው መስመር የሚባለው ረጅም ድምፅ ይዞ ከሶሎው ሥር መሄድ ነው፤ ካልኖረ ሶሎው መሬት ያጣል፣ ሲኖር ግን የሚሰማው የለም። አስረስ ሲሰለቸው አዲስ አበባ ገባ፣ እዚያም የጃዝ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘ።

ለጥምቀት ሲመጣ እናቱ ሙዘይንን ምሳ ጠራችው። ጸዳለ ክርስቲያን ናት፣ እሱ ሙስሊም፤ አንዱ ያረደውን ሥጋ ሌላው ስለማይበላ ሁልጊዜ እሱ ሲመጣ የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ ትጠብሳለች። ያን ቀን አስረስ ዓሣውን እየፈለፈለ፣ "እማ፣ ጋሼ ሶሎውን የሚለቅልኝ እኔ ስሞት ነው" አለ። ጸዳለ "አታሟርት!" ብላ ትከሻውን መታችው። ሙዘይን እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳው።

ዛሬ ቅዳሜ የሙዚቃ ክበቡ ሐይቁ ዳር ዝግጅት አለው። ሙዘይን ሁለት ዓመት የደከመበትን "ውጫሌ መውረጃ" የተባለውን የአምባሰል ቅኝት ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሰማው ዛሬ ነው። አስረስም ሊጫወት ከአዲስ አበባ መንገድ ጀምሯል። ንጋት ላይ ደወለ። ከጀርባው የሚኒባስ ረዳት "ደሴ! ደሴ!" ሲል ይሰማል።

"ጋሼ፣ ቶሎ ልጠይቅህ። ሶሎው የማነው?"

ሙዘይን ሳቀ። "አንተ መጀመሪያ ድረስ። ስትመጣ እናያለን።"

"እናያለን ማለት እሺ ነው አይደል?"

"ልጄ፣ መንገድ ላይ ነህ፣ ባትሪህን አትጨርስ" አለና ዘጋው። ሊሰጠው አላሰበም። እውነቱ ይህ ነው። ለመስጠትም ለመንፈግም ጊዜ አለኝ ብሎ ነው የዘጋው።

ረፋዱ ላይ ያው ቁጥር እንደገና ጠራ። ሙዘይን "ምነው፣ ሶሎውን አሁንም አልተውከውም?" ብሎ አነሳ። የመለሰለት አስረስ አልነበረም። ድምፁ የጎረነነ ትራፊክ ፖሊስ ነበር።

"የዚህ ስልክ ባለቤት ምንዎ ነው?"

"ተማሪዬ ነው።"

 ሰውየው ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ሚኒባስ መገልበጡን፣ የስልኩ ባለቤትም ማለፉን ነገረው። ሙዘይን ከወንበሩ አልተነሳም፣ አልጮኸም። "እሺ፣ እሺ" ብቻ ይል ነበር፣ ከገበያ ግዛ የሚባለውን ዕቃ ዝርዝር እንደሚሰማ ሰው። 

ቀጥታ የሄደው የቅሬው ዳኛ ሼህ አሕመዲን ቤት ነው። ቅሬው የሰፈሩ የቀብርና የለቅሶ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት። ሼህ አሕመዲን ነገሩን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ "ኢና ሊላሂ" አሉና ወዲያው ወደ ሥራው ገቡ። መርዶ በዚህ አገር በተገኘ አፍ አይነገርም። የቅርብ ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ደጅ ይደርሳሉ፤ የሚሰማው ሰው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ አጠገቡ ይኖራል። ጸዳለ ደግሞ ደም ብዛት አለባት። ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ በአፍጢሟ ተደፍታ ሐኪም ቤት የወሰዷት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያላት የቅርብ ዘመድ ወንድሟ ወልዴ ነው፤ እሱም ስለት ሊያገባ ግሸን ወጥቷል። ስልኩ አይሠራም። ሰው ቢላክበትም እስኪወርድ ይመሻል።

"ነገ ንጋት ላይ ነው የምንነግራት" አሉ ሼሁ። "እስከዚያ አንዲት ቃል ብትሰማ ጥፋቱ በኛ ነው። ዝግጅቱም እንዳይቀር።"

"ሼህ፣ እንዴት አድርጌ?"

"ከቀረ፣ ምን ሆነው ነው ትላለች። ጠዋት ሐይቅ ዳር እንገናኝ ብላኝ ሄዳለች፣ ሽር ጉድ እያለች ነው። አንተ መድረክህ ላይ ትወጣለህ። ትስቃለህ። ትነፋለህ።"

"አልችልም፣ ወላሂ አልችልም።"

"ትችላለህ። አብሽር። አላህ ያግራው" አሉና እጁን ጭብጥ አድርገው ያዙት። 

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ድንኳኑ ተጥሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ሲጢጥ ይላል። ልጆቹ ምንም አያውቁም። ሂዳያ፣ አስረስ ከሄደ ወዲህ የታችኛውን መስመር የያዘችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ ሪዷን፣ የመንፊያውን ቀጭን ሸምበቆ፣ አፏ ውስጥ አድርጋ እያረጠበች ሒጃቧን ከማንገቻው ሥር ታስተካክላለች። "ጋሼ፣ አስረስ ከመጣ እኔ የት ልቁም?" ብላ ጠየቀችው። "እዚያው ቁሚ" አላት፣ ፊቷን ሳያያት።

ጸዳለ ከሁሉ ቀድማ መጥታ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ጥለቱ ታች ወርዶ ያምራል። ጭኗ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች። ሙዘይን ሊሸሻት ቢፈልግም ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ በእጇ ጠራችው።

"ና እስቲ። ሁለት ቆሮሶ ነው፣ አንዱ ያንተ አንዱ የሱ። ትኩስ ነበር፣ አረፈደና ሊቀዘቅዝ ነው" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስልኩ ዝግ ነው፣ ሙዘይን። አንተ ጋ ደውሏል?"

"ጠዋት ደውሏል፣ እትዬ ጸዳለ። ጎማ ፈንድቶባቸው ቆመዋል።" ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ የራሱ ጆሮ አላመነውም።

"ጎማ? ሼሁ ነዳጅ አለቀባቸው አሉኝ እኮ።"

 ሁለት ሽማግሌ የሚያህሉ ሰዎች አንድ ውሸት ተስማምተው መዋሸት አቅቷቸዋል። "ሁለቱም ነው" አለ። "ጎማው ሲቀየር ነዳጁ... ያው መንገድ አይደል።"

ጸዳለ ትንሽ አየችው። ከዚያ ፈገግ አለች፤ እሱን ያስጨነቀው ደግሞ ፈገግታዋ ነው። "ማታ ደውሎልኝ ነበር። 'እማ፣ ነገ ሶሎውን ከጋሼ ሳልቀማ አልመለስም' ብሎ ሲዝት። በሞቴ፣ ንገረኝ፣ ልትሰጠው ነው?"

"አዎ" አለ ሙዘይን። "ልሰጠው ነው።"

"ተመስገን" አለችና ሳህኑን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ሙዘይን ዞር አለ። ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ልቡ የተመኘው ይህንን ነው፤ ከሁሉ የባሰው ውሸት ግን እሱው ነበር።

ከድንኳኑ ጀርባ ዞሮ ሳክስፎኑን አወጣ። ትንፋሹን ሊፈትሽ ብቻ ነው፤ የአምባሰልን ቅኝት ከላይ እስከ ታች አንዴ ሊወርድበት። ነፋ። የወጣው ግን ቅኝት አልነበረም። ድምፁ ገና ከመነሻው ተሰበረ፣ ታች ሲደርስ ተንቀጠቀጠ፣ መጨረሻው ላይ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ እንደምትሰማው ዓይነት ሆኖ ቀረ። ሐይቁ ዳር መረባቸውን የሚጠግኑ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ቀና አሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለ አንደኛው።

"ማንም" አለ ሙዘይን። "ሪዱ ደርቆ ነው።"

ሰውየው አላመነውም፤ መረቡን አስቀምጦ እያየው ቀረ። ሙዘይን አፉን በመዳፉ ከደነው። የተጻፈውን ዜማ መንፋት ይችላል፤ ጣቱ ያውቀዋል፣ ልብ አይጠይቅም። ሶሎው ግን የተጻፈ አይደለም። ሶሎው ላይ ሲደርስ ይኸው ድምፅ በማይክ ወጥቶ ጸዳለ ፊት ይቆማል። ወንድሟ በሌለበት፣ ደጋፊ ባላዘጋጁበት፣ በሕዝብ መሐል መርዶዋን ከሳክስፎን ትሰማለች። ይህ እንዳይሆን ምን እንደሚያደርግ ሊያስብ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ የመድረክ መሪዋ ስሙን ጠራች።

"ውጫሌ መውረጃ" የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ቤዙ ይረማመዳል፣ ኪቦርዱ ይከተላል፣ ከዚያ ሳክስፎኖቹ ቁልቁለቱን አብረው ይወርዳሉ። ልጆቹ ጥሩ ተጫወቱ። ሙዘይን ዓይኑን ከኖታው ወረቀት ላይ አልነቀለም፤ በቃሉ የሚያውቀውን ዜማ እንደ ጀማሪ አንድ በአንድ እያነበበ ነፋ። አንዴ ብቻ ቀና አለ። ጸዳለ በጣቶቿ የሳህኑን ጠርዝ እየመታች ዜማውን ትከተላለች። ከኋላዋ ሼህ አሕመዲን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥራሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ሶሎው ቀረበ። ድራሙ መንገዱን ሊከፍትለት ሲዘጋጅ ሰማ። ትንፋሹን ሳበ፤ የሳበው አየር ደረቱ ውስጥ ገብቶ እንደ እንባ ወደ ላይ ገነፈለ። አሁን ቢነፋ አበቃ። አራት ምት ሲቀረው ሳክስፎኑን ከአፉ አወጣና በአገጩ ወደ ሂዳያ ጠቆማት።

ሂዳያ ዓይኗ ፈጠጠ። "እኔ?" አለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

"ውጪ!"

ልጅቷ ወደ ፊት ወጣች። የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ፈራ ተባ እያለች አወጣቻቸው፣ የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ። ከዚያ አንዱ ድምፅ ጣፈጣት መሰል ደገመችው፣ ሦስተኛ ጊዜ ከፍ አድርጋ ወሰደችው። ምንም ስለማታውቅ ድምፅዋ ንጹሕ ነበር፤ ተስፋና ድፍረት ብቻ ነበረው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከኋላ በኩል አንዱ "ይበል!" ብሎ ጮኸ። ሙዘይን እጁን አንጠልጥሎ ቆሞ ትንፋሹ ተመለሰለት። አተረፍናት፣ አለ በልቡ። እስከ ንጋት አተረፍናት።

ይህን ብሎ ወደ ፊተኛው ረድፍ አየ። የጸዳለ ጣቶች ቆመዋል። ሰው ሁሉ ሂዳያን ያያል፤ እሷ የምታየው እሱን ነው።

ሥራው እስኪያልቅ ዓይኗን ከላዩ አላነሳችም። ጭብጨባው ሲነሳ አብራ አጨበጨበች፣ ልጆቹ እጅ እስኪነሱ ጠበቀች። ከዚያ ሳህኑን ይዛ ተነሳች። ሼህ አሕመዲን ከኋላዋ ብድግ አሉ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ ሄደች፤ ቋጠሮውን ለሂዳያ ዘረጋችላት።

"እንቺ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ። ለሶሎ ተጫዋቹ የመጣ ነው፣ ብዪው።"

"እትዬ፣ ይሄማ የአስረስ አይደል?" አለች ሂዳያ ግራ ገብቷት።

"አንቺ ብዪው።"

ከዚያ ወደ ሙዘይን ዞረች። በጣም ቀርባ ስለቆመች ትንፋሿ ይሰማዋል። "ለምን ሰጠሃት?"

"ደክሞኝ ነው፣ እትዬ ጸዳለ።"

"አንተ? ሶሎ ላይ?" ድምፅዋ አልጮኸም። "ጎማ የፈነዳበት ቢሆን ራስህ ትነፋው ነበር። ነዳጅ ያለቀበት ቢሆን ራስህ ትነፋው ነበር። እንዲያውም እሱ በመቅረቱ ደስ ብሎህ ትነፋው ነበር። አውቅሃለሁ እኮ። ልጄ ሲለምንህ ኖሮ ያልለቀቅኸውን፣ ዛሬ ኸየት አምጥተህ ለቀቅኸው?"

 የጥምቀቱ ምሳ፣ ዓሣው፣ የአስረስ ሳቅ፣ "አታሟርት" ብላ ትከሻውን የመታችው እጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። በውሸቱ ሁሉ የሸሸጋትን ነገር ሶሎውን በመልቀቁ ራሱ ነገራት። አንዲት ቃል ሊያወጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው እንባው ብቻ ነበር።

ጸዳለ ራሷን አንዴ ነቀነቀች። ሼህ አሕመዲን ደርሰው ክንዷን ሲይዙ አልገፋቻቸውም። በሌላው እጇ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበች፤ ታች የነበረውን ጥለት ወደ ላይ አዞረችና ዘቅዝቃ ለበሰችው። ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የገባው። የፊተኛው ረድፍ ሴቶች ተራ በተራ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ሂዳያ ሳህኑን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች።

"ልጄ የት ነው ያለው?" አለች ጸዳለ።

"ደብረ ሲና፣ እህቴ። ሰዎቻችን ሊያመጡት ሄደዋል" አሉ ሼሁ። ከሁለት ወገን ደገፏት፤ ወንበር አምጥተው አስቀመጧት፤ አንዷ ውኃ አጠጣቻት። አልወደቀችም። ትንፋሿ ሲመለስ ቀና ብላ ሙዘይንን ፈለገችው።

"ምን ቆመሃል? ንፋለት እንጂ።"

ሳክስፎኑን አነሳ።  ሰው ሁሉ የጠበቀው ሶሎውን ነው፤ ሙዘይን የሚታወቅበትን፣ ከሆዱ የሚያወጣውን። ከጠዋት ጀምሮ አፍኖ የያዘውን ለቅሶ መልቀቅ ብቻ ነው የቀረው። አልለቀቀውም። አንድ ረጅም ድምፅ ያዘ፤ ዝቅ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። አስረስ አጠገቡ ቆሞ ዓመታት ሙሉ የነፋውን የታችኛውን መስመር ነፋ። ከላይ የነበረውን ቦታ ባዶ ተወው።

ትንሽ ቆይቶ ጸዳለ የልጇን ስም ጠርታ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅዋ ወደ ላይ ወጣ፣ ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ሰፋ። ሙዘይን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሊቀድማት ሳይሞክር፣ ከሥሯ ሄደ።